አጥሩን ያልዘለለው ሞተረኛ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጠናቀቅ አምስት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ከኮሜንታተሮች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። ግሬት ኢስኬፕ ይሉታል፤ ታላቁ ማምለጥ እንደማለት ነው። ዌስትብሮም በ2004/05 የውድድር ዘመን ገናን በደረጃው ግርጌ አሳልፎ በመጨረሻው ቀን ሲተርፍ ተባለለት። ሰንደርላንድ በ2014 ተባለለት። ሌስተር ሲቲ በ2015 ከመውረድ አፋፍ ተመልሶ በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን ሲሆንማ አባባሉ እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ድረስ ዘልቆ ገባ። ወልድያም በ2010 ዓ.ም. ይህንኑ ተመኝቶ ነበር። ከተማው ገና በ2009 ዓ.ም. ባለ 25 ሺህ መቀመጫ ስታዲየም አስመርቆ፣ ክለቡ በዓመቱ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ማምለጥ የሚባል ነገር አልመጣም።

አባባሉ የመጣው ከኳስ ሜዳ አይደለም፤ ከፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለዕይታ የበቃው ይህ ፊልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋሻ ቆፍረው ከጀርመን ካምፕ ስለሚያመልጡ የጦር እስረኞች ይተርካል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊዎች ባንድ በየስታዲየሙ ለዓመታት ሲነፋው የኖረው ዜማም የዚሁ ፊልም ማጀቢያ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ግን ከዋሻው ይልቅ የሚያስታውሰው አንድ አሜሪካዊ በሞተር ሳይክል የሽቦ አጥር ሲዘል ነው። ሰውዬው ስቲቭ ማክዊን ይባላል። ከሞተ 45 ዓመት አልፎታል። የፊልም ተዋናይ የስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን፤ ይህ ሰው ከመድረክ ይልቅ ጭቃና አቧራ ውስጥ መገኘት የሚወድ ተወዳዳሪ ነበር።

ስለ እሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን መርሳ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ወደ ወልድያ ስንጓዝ ሚኒባሳችን የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ላይ ለማንጎና ለፓፓያ ቆመ። መንገዱ ዳር ሁለት ጓደኛሞች ተመሳሳይ የሕንድ ሞተሮች ላይ ተቀምጠው ይሟገታሉ። አንደኛው መሪውን በብየዳ አስረዝሞ ወደ ላይ ሰቅሎታል፤ የፊቱን ፓራፋንጎ ነቅሎ ጥሎታል። ሁለተኛው ደግሞ መሪውን ገልብጦ ዝቅ አድርጎ አስሮታል፤ ሲቀመጥ ደረቱ ሰርባቶዮው ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያው ከወልድያ ወዲያ ያለውን የቆቦ ሜዳ ይጠራል፤ እዚያ ላይ ጀርባን ቀና አድርጎ እንደመሄድ የሚያምር ነገር የለም ባይ ነው። ሁለተኛው የድልብን ዳገት ያነሳል፤ ያንን ጥምዝምዝ በተሰቀለ መሪ የሚወጣ ሰው ጤነኛ አይደለም ይላል። አያውቁትም እንጂ ክርክሩ ካሊፎርኒያና ለንደን ላይ ከተጀመረ 60 ዓመት አልፎታል። ማክዊን ደግሞ ሁለቱም ጎራ ውስጥ ኖሮበታል።

ማክዊን እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1930 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ቢች ግሮቭ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ጥሎት ጠፋ። እናቱም ልታሳድገው ስላልቻለች ሚዙሪ ግዛት ስሌተር ውስጥ እርሻ ያለው የእናቱ አጎት ቤት አደገ። በልጅነቱ በያዘው የጆሮ ሕመም አንደኛው ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር፤ ማንበብም ይቸግረዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ያኔ ሰነፍ ነው የሚባለው። እናቱ ዘንድ ሲመለስ ከእንጀራ አባቶቹ ጋር አልተስማማም፣ ጎዳና ወጣ፣ ሰረቀ፣ በመጨረሻም ካሊፎርኒያ ቺኖ ውስጥ ቦይስ ሪፐብሊክ የተባለ የወጣቶች ማረሚያ ገባ። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ይህን ቦታ አልረሳውም፤ እየተመላለሰ ልጆቹን ይጠይቅ ነበር።

በ17 ዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ተቀጥሮ እስከ 1950 አገለገለ። ከዚያ ኒውዮርክ ሄዶ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ ትወና መማር ጀመረ። የመጀመሪያ ሞተሩን የገዛውም በዚህ ጊዜ ነው። የ1946 ምርት ኢንዲያን ቺፍ ነበረች፤ ጎኗ ላይ ለሰው መቀመጫ የተገጠመላት። ቅዳሜና እሁድ ሎንግ አይላንድ ሲቲ እየሄደ ለገንዘብ ይወዳደር ነበር። ኪራዩን የሚከፍለው ከመድረክ ይልቅ ከዚያ ነው ማለት ይቻላል።

የሁለት ዓለም ብረት

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብረቱን እንይ። ኢንዲያን የአሜሪካ ሞተር ነው። ማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በ1901 ተጀምሮ በ1953 ምርቱን አቆመ። ቺፍ የሚባለው ዓይነት 1,200 ሲሲ ያህል ነው፤ ስምንት ባለ 150 ሲሲ ሞተሮችን ደምሩ፣ ያን ታክላለች። ክብደቷ ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደተዘረጉ ሁለት ጣቶች ተከፍተው የቆሙ ናቸው፤ በኢንዲያን 42 ዲግሪ፣ በተቀናቃኟ ሃርሊ ዴቪድሰን 45 ዲግሪ። ሁለቱም ፒስተኖች አንድ የዘንግ ክርን ላይ ስለሚታሰሩ ፍንዳታቸው እኩል ተራርቆ አይመጣም። ያ ዱብ ዱብ፣ ዝም፣ ዱብ ዱብ የሚለው የሃርሊ ድምፅ ከዚህ የመጣ እንጂ ማርሚታ ብቻ የሚያመጣው አይደለም። ኢንጂኑ ረጋ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበቱ ከታች ይጀምራል፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ቀይር አይልም። በዚያ ዘመን ማርሹ የሚገባው በእጅ፣ ፍሪሲዮኑ የሚረገጠው በእግር ነበር። ለከተማ ግፊያ የሚሆን ነገር አይደለም። አሜሪካ ግን ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የማያልቅ ቀጥ ያለ አስፋልት ያላት አገር ናት፤ ሞተሩም የተሠራው ለዚያ ነው። እንደኛ ብናስበው የቆቦ ሜዳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢረዝም ማለት ነው።

አውሮፓ ሌላ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠማማ፣ ነዳጁ ውድ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ትራያምፍ ስፒድ ትዊን የተባለ ባለ 500 ሲሲ ሞተር ይዞ ሲመጣ ሁለቱን ሲሊንደሮች ጎን ለጎን አቁሞ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር በሚይዘው ቦታ ውስጥ ከተታቸው። ጠባብ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይዞራል፣ ጠመዝማዛ ላይ ጋላቢው ሲያጋድል አብሮት ያጋድላል። ሌሎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎችም ተከትለው ቀዱት። ጀርመኖቹ ደግሞ ቢኤምደብሊው ላይ ሁለቱን ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ አጋደሟቸው፤ ፒስተኖቹ እንደ ቦክሰኛ ጡጫ ስለሚወረወሩ ቦክሰር ተባለ። (በነገራችን ላይ የኛ ከተማ ቦክሰር ከስሙ በቀር ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው።)

ወጣቶች ፋብሪካ የሠራውን እንዳለ አይወዱትም። ከጦርነቱ የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ከባዱን ሞተራቸውን ለማቅለል የፊቱን ፓራፋንጎ እየነቀሉ የኋላውን ማሳጠር ጀመሩ። ይህ በ60ዎቹ አድጎ ቾፐር ሆነ፤ የፊት ጎማው በረጅም ፎርክ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ መሪው ተሰቅሎ፣ ጋላቢው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ የሚለጠጥበት። ጎማው ርቆ በሄደ መጠን ሞተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይረጋጋል፤ ለመታጠፍ ግን እንደ ጋሪ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ኤስ ካፌ የሚባል ቤት ዙሪያ የተሰበሰቡ ልጆች ተቃራኒውን አደረጉ። መሪውን ዝቅ፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ፣ መቀመጫውን ለአንድ ሰው ብቻ። ንፋሱን በደረት መሰንጠቅ፣ ክብደትን የፊት ጎማ ላይ መጫን፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መድረስ፤ ዓላማው ይኸው ነበር። የትራያምፍን ኢንጂን አውጥተው በአያያዙ የተመሰገነው የኖርተን ሻንሲ ላይ ይገጥሙና ትሪተን ይሉታል።

እኛ አገር ይህ ውድድር ገና ጋራዥ ስትገቡ የተፈረደ ይመስለኛል። ሻንሲ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ካቴና፣ አሞርዛተር የምንለው ሁሉ መነሻው አውሮፓ ነው፤ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የቀረ።

ማን ዘለለ?

ማክዊን በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም፣ ከዚያም በ1960 በማግኒፊሰንት ሰቨን ዝና ሲያገኝ መኖሪያውን ሎስ አንጀለስ አደረገ። እዚያ ባድ ኤኪንስ የሚባል ሰው አገኘ። ኤኪንስ ትራያምፍ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ በረሃ ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው ጠፍቷል። ማክዊንን በአሸዋና በድንጋይ ላይ መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። የካሊፎርኒያ ልጆች ያኔ የራሳቸው የሆነ ሦስተኛ ዓይነት ፈጥረው ነበር፤ የእንግሊዙን ትራያምፍ ወስደው መብራቱን ነቅለው፣ ማርሚታውን ከድንጋይ እንዲርቅ ወደ ላይ አውጥተው፣ ሰፊ መሪ ገጥመው፣ ሆዱ ሥር ብረት አንጥፈው በረሃ ይለቁታል። ኢንጂኑ አውሮፓዊ፣ ጠባዩ አሜሪካዊ።

በ1962 እኛ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ አነሳን፤ ያኔ ዋንጫውን የተቀበለው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎም ከኳሱ ጎን የመካኒክ ሙያ የነበረው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ማክዊን ግሬት ኢስኬፕን ለመሥራት ጀርመን ባቫሪያ ገባ። ዳይሬክተሩ ጆን ስተርጅስ ነበር። ማክዊን ይህን ገጸ ባሕርይ ሲሠራ ሞተር ይኑርበት ብሎ ድርቅ አለ።

ችግሩ የጀርመን ወታደር በዚያ ዘመን የሚነዳው ቢኤምደብሊው መሆኑ ነው። የጦርነቱ ጊዜ ቢኤምደብሊው አር 75 ከነጎን መቀመጫው 400 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እሱን ይዞ አጥር መዝለል ቀርቶ ጉብታ መውጣትም ያስቸግራል። ስለዚህ 650 ሲሲ የሆነው፣ ክብደቱ ከ180 ኪሎ በታች የሆነው የእንግሊዝ ትራያምፍ ቲአር 6 መጣ፤ የጀርመን ወታደር ቀለም ተቀባ፣ የጀርመን ወንበርና ዕቃ ተጫነበት፣ ቢኤምደብሊው ነኝ ብሎ ካሜራ ፊት ቆመ። እንግሊዝ የሠራው፣ ጀርመን የለበሰ፣ አሜሪካዊ የሚጋልበው ሞተር። በዓለም ላይ በጣም ብዙ ሰው ያየው የተለወጠ ሞተር ሳይክል እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ተመልካቹ ግን መለወጡን እንኳ አላወቀም።

ከዚያ ዝላዩ መጣ። ማክዊን ራሱ መዝለል ፈልጎ ነበር። ኢንሹራንሱ ግን አይሆንም አለ፤ ዋናው ተዋናይ እግሩ ቢሰበር ፊልሙ ይቆማል። የዘለለው ባድ ኤኪንስ ነው። ከመሬት በተሠራ መወጣጫ ተነስቶ 20 ሜትር ያህል አየር ላይ ሄዶ ከአጥሩ ወዲያ አረፈ። ማክዊን በፋንታው ሌላ ነገር አደረገ። ከኋላው የሚያሳድዱትን ጀርመኖች የሚሠሩት ሰዎች እሱን መከተል ሲያቅታቸው፣ የጀርመን ልብስ ለብሶ ራሱን አሳደደ። አንዳንዱ ትዕይንት ላይ የሚሸሸውም የሚያባርረውም ማክዊን ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ኮርና አሻምቶ ሮጦ ሄዶ በግንባሩ የሚገጭ ተጫዋች አስቡ።

ዝላዩን በተመለከተ ግን ሰውዬውን የሚያስመሰግነው ነገር አለ። በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለዚያ ዝላይ ሲወደስ እኔ አይደለሁም፣ ባድ ኤኪንስ ነው ብሎ ተናግሯል። ምስጋናውን ዝም ብሎ ቢውጠው ማን ይጠይቀው ነበር? ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1969 የወጣውን ኢዚ ራይደር ያያችሁ ቾፐሮቹን ታስታውሳላችሁ። ከሃርሊ ዴቪድሰን የተሠሩትን እነዚያን ሁለት ዓይነት ሞተሮች ያበጁት ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ስማቸው ለብዙ ዓመታት ሳይጠራ ቀረ። በአሜሪካ የሞተር ታሪክ ውስጥ ከዚያ የገነነ ቾፐር የለም፤ የሠራው ሰው ግን አልታወቀም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እኛ ክለብ ሲተርፍ የምንጠራው ታላቁ ማምለጥ በእውነቱ አልተሳካም። ታሪኩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በማርች 24 ቀን 1944 ሌሊት ሳጋን ከተባለው ካምፕ ነው፤ ማክዊን 14 ዓመት የሞላው በዚያው ዕለት መሆኑ ይገርማል። 76 ሰዎች ወጡ። 73ቱ ተያዙ። ከተያዙት 50ው ተረሸኑ። ነፃ አገር የደረሱት ሁለት ኖርዌያውያንና አንድ ሆላንዳዊ ብቻ ናቸው። በዋሻው ካመለጡት መሐል አሜሪካዊ አልነበረም፤ ሞተር ሳይክልም አልነበረም። በፊልሙ ውስጥም ቢሆን ማክዊን የመጨረሻው ሽቦ ላይ ተጠላልፎ ይያዛል።

ይህ ሁሉ ስም ከወጣለት በኋላ ማክዊን ምቾቱን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን በሴፕቴምበር 1964 የአሜሪካን ማሊያ ለብሶ ኤርፉርት፣ ምሥራቅ ጀርመን ተገኘ። ውድድሩ ለስድስት ቀናት በጫካ፣ በጭቃና በተራራ የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የሞተር ፈተና ነው። የበርሊን ግንብ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሆሊውድ ኮከብ በኮሚኒስት አገር የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ ሰልፉን መራ። ቡድኑ የተሰለፈው በአሜሪካ ሞተር አልነበረም፤ እንግሊዝ ሄደው ከፋብሪካው የተረከቡት ትራያምፍ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰንን ያንን ጭቃ ውስጥ ማስገባት ትርፉ ማዘን ነው። በሦስተኛው ቀን ማክዊን ወድቆ ከውድድሩ ወጣ፣ ባድ ኤኪንስም እግሩ ተሰበረ። የባድ ወንድም ዴቭ ኤኪንስና ክሊፍ ኮልማን ግን ጨርሰው የወርቅ ሜዳሊያ ወሰዱ።

ከዚህ በኋላ ማክዊን የፋብሪካ ሞተር እንደማይበቃው ገባው። በ1966 ከኤኪንስ ጋር ሆኖ የራሱን የበረሃ ሞተር አሠራ። ሻንሲው ሪክማን የተባሉ የእንግሊዝ ወንድማማቾች የሚሠሩት፣ በኒኬል የተለበጠ፣ የኢንጂኑን ዘይት በራሱ ቱቦዎች ውስጥ የሚይዝ ነው። ዘይቱ በሻንሲው ውስጥ ስለሚሄድ የተለየ ጋን መሸከም አያስፈልግም፤ እግረ መንገዱንም ይቀዘቅዛል። ኢንጂኑ ትራያምፍ 650፣ የፊት አሞርዛተሩ የጣሊያን ቼሪያኒ። ሪክማኖቹ ሻንሲያቸውን ሜቲስ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ፈረንሳይኛ ነው፣ ድቅል ማለት ነው። ለእኔ የማክዊን ትክክለኛ ሞተር ይቺ ናት፤ ፊልሙ ላይ ያለችው ሳትሆን።

ድቅሏም ግን አልቆየችም። የስዊድኑ ሁስክቫርና ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ ሞተር ይዞ ካሊፎርኒያ ሲገባ የትራያምፍ ዘመን በረሃ ላይ አበቃ። በቱ ስትሮክ ፒስተኑ በወጣ በወረደ ቁጥር አንድ ፍንዳታ አለ፤ ቫልቭ የለውም፣ የሚሸከመው ብረት ትንሽ ነው፣ ስለዚህ በጣም ይቀላል። ማክዊን ወዲያው ቀየረ። ሃርቪ መሽማን በሚል የውሸት ስም ተመዝግቦ ከተራው ሰው ጋር ይወዳደር ነበር። በ1970 መጀመሪያ ሌክ ኤልሲኖር ላይ በሞተር ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጄሶ እንደታሰረ በማርች ወር ሴብሪንግ የ12 ሰዓት የመኪና ውድድር ገባና ከፒተር ሬቭሰን ጋር በፖርሽ ሁለተኛ ወጡ። ክላቹን የሚረግጠው በተሰበረው እግሩ ነው! አንዳንድ ተጫዋቾቻችን ጥፍራቸው ሲነካ ቃሬዛ የሚጠሩትን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

በ1971 ብሩስ ብራውን የሠራው ኦን ኤኒ ሰንዴይ የተባለ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ገንዘቡን ያወጣው የማክዊን ኩባንያ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለቱ ዓለማት ጎን ለጎን ይታያሉ። መርት ላዊል በሃርሊ ዴቪድሰን ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፈ፣ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ ይሽከረከራል። ማልኮም ስሚዝ በሁስክቫርና ገደል ይወጣል። ማክዊን ከሁለቱ ጀርባ አቧራ ይበላል። ከእነሱ እኩል ነኝ የሚል ስሜት ፊልሙ ላይ የለበትም።

ወደ መጨረሻው ግን ማክዊን ወደ ጀመረበት ተመለሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፊልም እምቢ እያለ፣ ጺሙን አሳድጎ፣ አሮጌ የአሜሪካ ሞተሮችን መሰብሰብ ያዘ፤ አብዝቶ ኢንዲያን። ፋብሪካው ከተዘጋ 20 ዓመት አልፎታል፣ መለዋወጫ የለም፣ ዋጋም የላቸውም ነበር። እሱ በየገበሬው ጎተራ እየዞረ ይገዛል። በ1979 ሳንታ ፓውላ የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከአውሮፕላኑና ከሞተሮቹ ጋር መጋዘን ውስጥ ይኖር ነበር። በመላ ዓለም ጥሩ ከሚከፈላቸው ተዋንያን አንዱ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐኪሞች የሳንባ ሽፋን ካንሰር አገኙበት። አስቤስቶስ ከሚባለው እሳት የማያቃጥለው ማዕድን ብናኝ የሚመጣ በሽታ ነው። ማክዊን ባሕር ኃይል ሳለ የመርከብ ቱቦዎች ላይ ያለውን አስቤስቶስ ያነሳ ነበር፤ የዚያ ዘመን የእሽቅድምድም ልብስም ከእሳት እንዲከላከል በዚሁ ይሠራ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደገደለው የሚያውቅ የለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ተስፋ የለህም ሲሉት ሜክሲኮ ሄደ። ሁዋሬዝ ከተማ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ኖቬምበር 7 ቀን 1980 በ50 ዓመቱ አረፈ። አመዱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተበተነ።

ከ100 በላይ ሞተሮቹ በ1984 ላስ ቬጋስ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። በየጎተራው በርካሽ የተለቀሙት ኢንዲያኖች ዛሬ የእሱ ስም ካለባቸው ዋጋቸው አይቀመስም። ባድ ኤኪንስ ሞተር ሲሸጥና በየፊልሙ በሌሎች ፋንታ ሲወድቅ ኖሮ በኦክቶበር 2007 ሞተ። የሞቱ ዜና ሲወጣ ጋዜጦቹ መጀመሪያ የጻፉት ያንኑ የባቫሪያውን አጥር ነበር።